ከቀዳዳው ያጠረ ድንጋይ

ሚያዝያ 22

ከዛሬ ጀምሮ የመሬት ሐኪም ሆኛለሁ። ታማሚዬ ከከተማው ጫፍ ያለው ባዶ ሜዳ ነው። ሕመሙ ገና አልተመረመረም፤ ቀብሩ ግን ተወስኗል፦ አራት መቶ መኖሪያ ቤትና አንድ ነዳጅ ማደያ ይተከልበታል። የእኔ ሥራ ጥቂት ቦታ አስቆፍሬ አፈሩንና ከሥሩ ያለውን ዓለት ማየት ነው። ከዚያ ከላይ የፈሰሰ ነዳጅና ቆሻሻ ታች ወዳለው የከርሰ ምድር ውሃ ይደርሳል ወይስ አይደርስም የሚለውን እጽፋለሁ። አለቃዬ «ይደርሳል» የምትለዋን ቃል ሲሰማ ጥርሱን ያመዋል።

«ኢንጂነር፣» አለኝ ዛሬ፣ «ሰው እኛን የሚቀጥረን ልናስፈራራው ነው?»

«ልንነግረው ነው እንጂ።»

«እሱማ። ግን ነገር ሲነገር ወግ አለው።»

ትዳሬ ከፈረሰ ወዲህ የምኖረው ታላቅ እህቴ ጓሮ ባለችው ክፍል ነው። ክፍሏ አልጋውን፣ ጠረጴዛውንና እኔን በአንድ ጊዜ ስለማትችል በየተራ እንገባለን። እትዬ ባሏ ከሞተ በኋላ የቀራት ሀብት ቤቷ፣ ምላሷና በግቢው መሀል ያለው የውሃ ጉድጓድ ነው። የሰፈራችን ቧንቧ በዓመት አንዴ ብቅ እንደሚል ዘመድ ስለሆነ ጎረቤት ሁሉ ከእሷ ጉድጓድ ይቀዳል። ሳንቲም ተቀብላ አታውቅም። የምትቀበለው ምስጋና ነው፤ በእሱ ግን ዱቤ የለም።

ሜዳው ያለው ከእኛ ሰፈር ሽቅብ ነው። ይህን የጻፍኩት እንዲሁ ለመረጃ ያህል ነው።

ሚያዝያ 28

ሦስት ቦታ ተቆፈረ። ሦስቱም ላይ ወፍራም ሸክላ አፈር፣ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ። ሸክላ ደግ አፈር ነው፤ ውሃን እንደ ጥሩ ዘበኛ በር ላይ ያቆማል። አለቃዬ በስልክ ሲሰማ ልጁ ፈተና ያለፈ ያህል ደስ አለው።

ባለመሰርሰሪያውን ሠራተኛው ሁሉ ጥንቅቁ ይለዋል። ሲያንሰው ነው። ቱታው የተተኮሰ ነው፤ መፍቻዎቹ እንደ ተማሪ በቁመታቸው ይሰለፋሉ። መሰርሰሪያው ዓለቱን እንደ ዱላ ድቡልቡል አድርጎ ያወጣዋል። ጥንቅቁ ጭቃውን አጥቦ፣ ቁራጭ ከቁራጭ አጋጥሞ፣ ረጃጅም የእንጨት ሳጥን ውስጥ ሲደረድረው ሙሽራ የሚያለብስ ይመስላል። የእኛ ሙያ የሚያምነው ይህን ሳጥን ነው፤ መሬቱ ከላይ እስከ ታች እንዳለ ተጋድሞ ይታይበታል።

ግንቦት 3

አራተኛው ቀዳዳ፤ የነዳጅ ማደያው ጋኖች የሚቀበሩበት ጥግ። ሸክላው እዚህ ቀጭን ነው። የድሃ ብርድ ልብስ።

መሰርሰሪያ እንዳይግል ውሃ ይጠጣል፤ የጠጣውንም ጭቃ አድርጎ መልሶ ይተፋዋል። ከቀትር በኋላ መትፋቱን ተወ። የሰጠነው ሁሉ ይገባል፣ የሚመለስ የለም። ባለቦቴው ውሃ ሲያመላልስ ዋለ።

«ይሄ መሬት ጠጪ ነው» አለ ከጋቢናው ሳይወርድ።

«የማይጠጣ መሬት የለም» አልኩት።

«የሚስቴም ወንድም እንዲሁ ነበር። ቤታችን ያለውን ሁሉ ይጨልጣል፣ ሰክሮ ግን አይታይም። የት እንደሚያስገባው በኋላ ነው የታወቀው።»

«የት ነበር የሚያስገባው?»

«ደብቆ ታች ሰፈር ይሸጠው ነበር።»

ጥቂት ቆይቶ መሰርሰሪያው በጨለማ ደረጃ እንደሳተ ሰው ቁልቁል ወረደ። የክንድ ያህል።  ጥንቅቁ ጉሮሮውን ጠረገና «ለስላሳ ቦታ ነው» አለ። አየርም ለስላሳ ነው።

ድንጋዩ ወጥቶ ሳጥን ሲገባ መሀሉ ላይ ክፍተት ቀረ። ደንቡ ግልጽ ነው፦ ክፍተቱ እንዳለ ይተዋል፣ ቁራጭ እንጨት ይቀመጥበታል፣ እንጨቱ ላይ «ባዶ» ተብሎ ይጻፋል። ጥንቅቁ ግን ባዶ ነገር ዓይኑን ይወጋዋል። መዶሻውን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ የታችኛውን ድንጋይ ቀስ እያደረገ ወደ ላይ ገፋና ከላይኛው ጋር አጋጠመው።

«አሁን ሰው መሰለ» አለ።

አጠገቡ ቆሜ ነበር። አየሁ። ያን ሁሉ ዘመን የተማርኩበትን አፌን ከፍቼ «እጅህ ይባረክ» አልኩት።

ግንቦት 4

እንቅልፍ የለም። ሙቀቱ ነው።

ግንቦት 7

ሜትር ይዤ ሳጥኖቹ ወዳሉበት መጋዘን ሄድኩ። ሥራ ፈትቼ ነው። አራተኛው ቀዳዳ ከራሱ ከወጣው ድንጋይ ይረዝማል። ድንጋዩ ያጠረው በክንድ ያህል ነው። ልብስ ሲታጠብ ያጥራል፤ ድንጋይም እንደዚያ ይሆናል ብዬ ለማመን የምሳ ሰዓቴን በሙሉ ታገልኩ።

ማታ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ጄሪካኗን ይዛ መጣች። ለሕፃኗ ወተት የምትበጠብጠው በዚህ ውሃ ነው።

«የእትዬ ውሃ ከሆድ አይጣላም» አለች።

ይህም እንዲሁ ለመረጃ ያህል።

ግንቦት 11

ሪፖርቱ ዛሬ ገባ። ዝናቡ ሳይመጣ መሠረት መጣል አለበት ተባለ። ቤቶቹን የሚያሠራው ባለሀብት ቢሯችን ድረስ መጥቶ ጨበጠኝ፤ እጁ እንደ ትራስ ነው።

«አራተኛው ቀዳዳስ?» አለኝ አለቃዬ ለብቻችን ስንሆን።

«ትንሽ ውሃ ጠፍቶብን ነበር።»

«ቦቴው ያፈሳል።»

ቦቴው አያፈስም። እኔ ግን አንድ ሰው እንዲህ ቢለኝ ብዬ ስጠብቅ የከረምኩ ይመስል ራሴን ነቀነቅኩ።

«ውልህ በሰኔ ያልቃል አይደል?» አለ ደግሞ።

«ያልቃል።»

«የጥሩ ሰው ውል አያልቅም።»

«ዓለቱ ያልተሰነጠቀና ውሃ የማያሳልፍ ነው» ብዬ ጻፍኩ፤ ፈረምኩ። ፊርማዬ ድሮም ያምራል። ዛሬ ጅራቱ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ብዕሩ ነው።

ግንቦት 12፣ ሌሊት

ነገሩን በሰከነ አእምሮ እንየው። ክፍተት አለ ማለት መንገድ አለ ማለት አይደለም። ኪስ ያለው ሁሉ ገንዘብ የለውም። ምናልባት ከሁሉም ወገን የተዘጋ ጎሬ ነው፤ ውሃችን እዚያ ገብቶ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ምናልባት። በሙያችን እንደዚህች ቃል ደመወዝ የሚበላ ሠራተኛ የለም።

የጉድጓዱ ገመድ ሲንሲያጠጥ ይሰማኛል። እትዬም አልተኛችም ማለት ነው። እናታችን ከሞተች በኋላ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ፊቴን ያጠበችው በዚህ ውሃ ነው፣ ትኩሳቴን ያበረደችው በዚህ ውሃ ነው። ስለዚህ ጉዳይ አሁን ማሰብ አያስፈልግም።

ሰነፍ። ፈሪ። «እጅህ ይባረክ» ይላል ደግሞ፣ ጳጳስ ይመስል።

አንድ ዘዴ አለ። መጋዘን ውስጥ የቀለም ዱቄት አለን። ጤና አይጎዳም፤ ውሃ ሲነካው አረንጓዴ ይሆናል። ከላይ ይጨመርና ከታች የት እንደሚወጣ ይጠበቃል። የትም ካልወጣ መንገድ የለም ማለት ነው። ለማንም ሳልናገር አራተኛው ቀዳዳ ውስጥ እጨምረዋለሁ። አይወጣም። አለመውጣቱን አይቼ እተኛለሁ።

ግንቦት 14

ከመጋዘን ሁለት ጣሳ አውጥቼ አንዱን ጨመርኩት። ባለቦቴው ውሃውን ለቀቀልኝ፤ ምን እንደምሠራ አልጠየቀም፣ ጨዋ ሰው ነው። ጣሳው ላይ አንድ ማንኪያ ይበቃል ይላል። እኔ ምንም እንደማይመጣ እርግጠኛ ስለነበርኩ ጣሳውን ሙሉ ገለበጥኩት። እርግጠኛ ሰው አይቆጥብም።

ግንቦት 16

ጉድጓዱን አየሁ። ጥሩ ነው። እንዲሁ በዚያ ሳልፍ ነው ያየሁት።

ግንቦት 17

አምስት ጊዜ አለፍኩ። ጥሩ ነው። «ምን ያንቆራጥጥሃል፣ ባልዲ ልስጥህ?» አለችኝ እትዬ። ዛሬ ተኝቼ አድራለሁ።

ግንቦት 18

«አንተ ልጅ፣ ተነሳ።»

እትዬ ባልዲ ይዛ ደጃፌ ቆማለች።

«ምንድነው?»

«ውሃዬ ሣር ሆኗል።»

ባልዲው ውስጥ አየሁ። እንዲህ ያለ አረንጓዴ ፈጣሪ አልሠራም፤ ፋብሪካ ነው የሠራው።

«ቅጠል ወድቆበት ይሆናል» አልኩ።

«ጫካ ነው የወደቀበት?»

ግንቦት 19

ሰፈሩ ፈረደ። ባለሱቁ «ምቀኛ መርዝ ጨምሮባት ነው» ይላል። ሌሎቹ «ኧረ እሷው ናት፣ ስትኮራብን የኖረችውን ቆሻሻ አሁን አየነው» ይላሉ። ልብስ ሰፊዋ ባዶ ጄሪካኗን ይዛ በደጃችን ስታልፍ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። እትዬ ዕድሜ ልኳን ያጠራቀመችው ምስጋና በአንድ ጠዋት ተመንዝሮ አለቀ።

ባልዲዎቿን ስትፈትግ ቆየች። ቀዩ ባልዲ እስኪነጣ ፈተገችው። ከዚያ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችና መንገዱ ላይ ቆማ ተጣራች።

«ኑ፣ እዩ። አጥሩን የምትነቀንቁ ባለቤቷ አለሁላችሁ።»

በብርጭቆ ቀድታ ወደ አፏ አስጠጋች።

ቀለሙ አይጎዳም። ይህን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። ታዲያ ሰው ሁሉ እያየ ብርጭቆውን ከከንፈሯ የነጠቀው የማን እጅ ነው?

ቤት ገባን። ነገርኳት፤ ሜዳውን፣ መሰርሰሪያውን፣ ጣሳውን። ፊርማውን በመጨረሻ። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ቀለሙ አይጎዳም ነው ያልከኝ?»

«አይጎዳም።»

«ታዲያ ለምን ነጠቅከኝ?»

ብርጭቆው አሁንም በእጄ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«ቀለሙ በአራት ቀን እዚህ ከደረሰ፣» አለች፣ «ነዳጁ መንገድ የሚጠይቅ ይመስልሃል?»

ግንቦት 20

«ፊርማዬን ላነሳ ነው የመጣሁት» አልኩት አለቃዬን።

«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።»

«ጉዳዩም እሱ ነው።»

አልሳቀም። «ቀለሙን ማን ፈቀደልህ? በአለቃ ፈቃድ ያልፈሰሰ ቀለም የትም ቢወጣ አልወጣም።» ከዚያ ድምፁን አለዘበ። «በዚህ ሳምንት የግንባታ ፈቃድ ኮሚቴው ሳጥኖቹን ሊያይ ይመጣል። አንተ አትናገር። ድንጋይ አይዋሽም፤ ድንጋዩ ይናገር።»

ግንቦት 22

ይናገር አይደል ያለው? መጋዘን ገባሁ። ጥንቅቁ ያጋጠመውን ለያየሁ። የታችኛውን ድንጋይ ወደ ቦታው መለስኩት፤ ከሳጥኑ ጫፍ ጋር ልክ ገጠመ። መሀሉ ተከፈተ። እንጨት ቆርጬ «ባዶ» ብዬ ጻፍኩበት። በዚህ ወር የጻፍኩት እውነት ይህ አንድ ቃል ነው።

ግንቦት 24

ኮሚቴው መጣ። የታሸገ ውሃ ቀረበለት፤ ጠጣ። አለቃዬ ሽፋኑን በክብር አነሳ። ሰብሳቢው መነጽሩን አድርጎ ክፍተቱን ረጅም ጊዜ አየ።  ይህ ሰው አሁን ይገባዋል አልኩ።

«ድንጋዩ የት ሄደ?» አለ።

«የሄደ ድንጋይ የለም፣ ጌታዬ። መሬቱ ራሱ እዚያ ላይ ክፍት ነው። ቆሻሻው ወደ ሰፈሩ ውሃ የሚወርደው በዚያ ነው።»

«እሱን አልጠየቅንም። በርክክቡ ቀን የተነሳው ፎቶ ላይ ድንጋዩ ሳይቋረጥ ተጋጥሟል። ዛሬ ጎዶሎ ነው። ማን ወሰደው?»

ጥንቅቁ ተጠራ። «እኔ በሕይወቴ ጎዶሎ ሳጥን አስረክቤ አላውቅም» አለ። እውነቱን ነው። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

የእትዬን አረንጓዴ ውሃ በጠርሙስ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። አንዱ አባል አሽትቶ «ያልተፈቀደ ቀለም» አለና ሁለተኛ ጥፋት ተብሎ ተያዘብኝ። ከዚያ ተንሾካሾኩ፤ ተወሰነ፦ የጠፋው ድንጋይ እስኪገኝ ግንባታው ይቁም፣ ባለሙያው ይታገድ፣ ሌብነቱ ይጣራ።

ባለሀብቱ ራሱን ያዘ። እኔ ወንበሬን ያዝኩ።

ግንቦት 25

«እስኪገኝ ነው ያሉት?» አለችኝ እትዬ።

«እስኪገኝ።»

«ድንጋዩ ከሌለስ?»

«አይገኝማ።»

ጉድጓዷ አረንጓዴ ከሆነ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «እንግዲያው ሌባ ነህ። አርፈህ ሌባ ሁን።» ምሳዬን ጨምራ አወጣችልኝ። እውነት ያላቆመውን ሥራ ሞኝነት አቆመው። ይሁን፤ ውሃ የሚጠይቀው ማን እንዳዳነው አይደለም።

ሰኔ 1

ፖሊሶች ክፍሌን ፈተሹ። በሩን የማስደግፍበትን ድንጋይ ለምርመራ ወሰዱት፤ በሩ አሁን ራሱን ችሎ አይቆምም። ጣቢያ ሦስት ጊዜ ተጠራሁ። «የት ሸጥከው?» ይሉኛል። ገዢውን ባውቀው እኔም ደስ ባለኝ።

ባለሱቁ በደጁ ሳልፍ ለደንበኛው ሲነግረው ሰማሁ።

«ያ ድንጋይ የሰረቀው ነው።»

«ምን ሊያደርግበት?»

«አንገቱ ላይ አስሮ ጉድጓዷ ውስጥ ሊገባ ይሆናላ።»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። 

አለቃዬ ደወለ። «የትኛውንም ድንጋይ አምጥተህ ክተትበት፤ ክሱ ይቀራል፣ ውልህን አድሳለሁ። አንድ ድንጋይ ነው የለመንኩህ።» ስልኩን ዘጋሁበት። በእርግጥ መጀመሪያ «ርዝመቱ ምን ያህል ይሁን?» ብዬዋለሁ። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። ዛሬ ከገበያ ስንመለስ መንገድ ላይ ያለውን ድንጋይ እየለየሁ እመለከት እንደነበር እትዬ ነገረችኝ። አላስታውስም።

ሰኔ 4

ጥንቅቁ ቤት መጣ፤ ጫማውን ደጅ ጠርጎ ገባ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ አንሶላውን እንዳያጨማድድ እየተጠነቀቀ።

«በእኔ ምስክርነት ነው እንዲህ የሆንከው። እንጀራ አልዋጥ አለኝ።»

«ክፍት እንደነበር ታውቃለህ። አንተው ነህ ያጋጠምከው።»

«ክፍትማ ነበር። ታዲያ ክፍት ነገር ለሰው ያሳያሉ? እናቴ የተቀደደ ልብስ ለብሰህ እንግዳ ፊት አትውጣ ስትል ነው ያሳደገችን።»

«የእህቴ ውሃ ነው፣ ወንድሜ። የሕፃን ወተት የሚበጠበጥበት ውሃ። ይህንን ለኮሚቴው ንገርልኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

የተቀመጠበትን አንሶላ በመዳፉ አስተካከለ። ሲነሳ እጄን በሁለት እጁ ያዘ። «እኔ እያለሁ ሌባ ተብለህ አትቀርም። ቆርጫለሁ፤ ለእኔ ተወው።»

ይመሰክርልኛል። ዛሬ ሰሞኑን የጀመርኩትን የእንቅልፍ ኪኒን ሳልውጥ ተኛሁ።

ሰኔ 7

ድንጋዩ ተገኘ።

ጥንቅቁ ሦስት ቀን በራሱ ጊዜና በራሱ ነዳጅ ሜዳው ላይ ቆፍሮ፣ ያው የኖራ ድንጋይ እስኪወጣለት ደክሞ፣ ጫፍና ጫፉን ሞርዶ፣ በንጹሕ ፎጣ ጠቅልሎ ኮሚቴው ፊት አቀረበው። «ከመደርደሪያው ሥር ተንከባሎ አገኘሁት» አለ። ዕድሜውን ሙሉ ዋሽቶ የማያውቅ ሰው ስለሆነ ሁሉም አመኑት። ክፍተቱ ውስጥ ሲያስገባው ክር አያሳልፍም። ቀዳዳውና ድንጋዩ ለመጀመሪያ ጊዜ እኩል ሆኑ።

«ውሸት ነው፣» አልኩ፣ «ይህ ድንጋይ ከዚያ ቀዳዳ አልወጣም።»

«ንጹሕነትህ ተረጋግጧል፣» አለ ሰብሳቢው፣ «ከዚህ በላይ ምን እንድናደርግልህ ትፈልጋለህ?»

«ሰውየውን ጠይቁት።»

ጠየቁት። ጥንቅቁ አየኝ፤ በዓይኑ «ዝም በል፣ ልታበላሸው ነው» አለኝ። «ከመደርደሪያው ሥር ነው» ብሎ ደገመላቸው፤ ኮሚቴው አጨበጨበ። ደጅ ላይ አቅፎኝ አለቀሰ።

«አልኩህ አይደል? አልኩህ አይደል?»

ልመታው እጄን አነሳሁ። ትከሻው ላይ አረፈ።

አለቃዬ አዲሱን ውል ዘረጋልኝ። አልፈረምኩም። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ነው።

ሰኔ 10

ዝናብ። ቆፋሪ መኪኖቹ ተመልሰው ገብተዋል። ከአጥሩ ውጭ ቆሜ አየሁ፤ አራተኛው ቀዳዳ የነበረበት ቦታ ጉድጓድ ሆኗል። የመኪኖቹ መካኒክ ከሞተር ያወጣውን የተቃጠለ ዘይት በጣሳ በጣሳ እዚያ ይደፋል። ጠራሁት።

«አይዞህ፣» አለኝ እጁን እያወዛወዘ፣ «ወዲያው ነው የሚሰርገው።»

ለሦስት መሥሪያ ቤት አመለከትኩ። ሦስቱም «የድንጋዩ ጉዳይ አልተዘጋም እንዴ?» አሉኝ።

ሰኔ 13

ውሃው ጠራ። እትዬ ጠዋት ስትቀዳ እንደ ድሮው ሆኖ ወጣ፤ ጠጠሩ እንኳ ይታያል። ከዘይቱ እስካሁን የሚሸት ነገር የለም። እስካሁን።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ሰፈሩን አዳረሰ። ልብስ ሰፊዋ የመጀመሪያዋ ነበረች፤ ሕፃኗን አዝላ፣ ጄሪካኗን አንጠልጥላ፣ ይቅርታ የምትጠይቅ ፊት ይዛ።

«እትዬ፣ ጠራልሽ አሉኝ። እኔ ድሮም አላመንኩም ነበር።»

«አትቅጂ» አልኳት። ሜዳውን፣ ክፍተቱን፣ ዘይቱን ነገርኳት። ጨዋ ናት፤ አልሳቀችብኝም። ድንጋይ የሰረቀ የተማረ ሰው እንደሚታይ አድርጋ አየችኝ።

«ተው እንጂ ወንድሜ፣ እንደ እንባ ጠርቶ?»

ከኋላዋ ሌሎች መጡ። ጄሪካን ከጄሪካን እየተጋጨ ደጃችን ላይ ተሰለፉ። ስንት ዓመት የተለመደው ድምፅ ነው። እትዬ መሀላቸው ቆማ ምስጋናዋን አንድ በአንድ ተቀበለች፤ ፊቷ ሲበራ አየሁ፤ ቀጥሎ ሲጠፋ አየሁ።

«ከሰዓት ኑ፣» አለቻቸው፣ «ገመዱ ሊበጠስ ነው፣ ልቀይረው።»

በሩን ዘጋችና ወደ እኔ ዞረች።

«ከዚያ ቀለም ተርፎሃል?»

«አንድ ጣሳ።»

«አምጣው።»

አመጣሁ። መክደኛውን በቢላ ከፈተች፤ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበረከከች። እጇን ልይዝ ነበር፤ ምን ብዬ እንደምይዛት አጣሁ።

«ስንት ነው የሚበቃው?» አለችኝ።

«አንድ ማንኪያ ይበቃል።»

ሙሉውን ገለበጠችው።